ቤቷን ትምህርት ቤት ያደረገችው ናና አስማኡ

ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መጽሐፍን፣ ስልክንና ኮምፒውተርን ነው። ቁርኣኑን ላስቀድም ወይስ ሒሳቡን፣ በየትኛው ቋንቋ ላስረዳው፣ ማንስ ያግዘኛል ብሎ የሚጨነቀው ወላጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጭንቀቱ ግን የዛሬ ብቻ አይደለም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ፣ አሁን ሰሜን ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ የተነሳች ሴት ነበረች። ማተሚያ ቤት አልነበራትም፤ ወረቀትም እንደልብ የሚገኝ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ከቤት የማይወጡ እናቶችና ልጆቻቸው በያሉበት የሚማሩበትን መንገድ ዘርግታ አለፈች። ናና አስማኡ ትባላለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስማኡ በ1793 በጎቢር ግዛት፣ ደገል በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ሼክ ኡስማን ዳን ፎዲዮ በምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ስማቸው የገነነ የእስልምና ሊቅና ሰባኪ ናቸው። ስትወለድ መንታ ነበረች፤ ወንድሟ ሐሰን ይባላል። በአገሩ ልማድ መንታዎቹ ወንድና ሴት ከሆኑ ወንዱ ሐሰን፣ ሴቷ ሁሴይና ይባላሉ። ሼኩ ግን ልማዱን ትተው ለልጃቸው የአቡበክርን ልጅ የአስማእን ስም ሰጧት። ያቺ አስማእ ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ በዋሻ ተሸሽገው ሳሉ ስንቅ ታቀብል የነበረችው ናት። ናና የሚለው ደግሞ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው።

የተወለደችበት ቤት ሴቶቹም ወንዶቹም የሚማሩበት ቤት ነበር። ሼክ ኡስማን ራሳቸው የመጀመሪያውን ትምህርት የቀሰሙት ከእናታቸው ከሐዋና ከአያታቸው ከሩቅያ ነው። የአስማኡ ታላቅ እህት ኸዲጃም ሙኽተሰር የተባለውን ከባድ የፊቅህ ኪታብ ወደ ፉልፉልዴ ቋንቋ የመለሰች ሊቅ ናት። አስማኡ የወለደቻትን እናቷን ማይሙናን በሞት ያጣችው ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ ያሳደጓት የአባቷ ሌሎች ሚስቶች ናቸው። እነሱም የተማሩ ነበሩ። እንዲህ ባለው ቤት አድጋ ቁርኣንን ሐፈዘች። የቤቷ ቋንቋ ፉልፉልዴ፣ የኪታቡ ቋንቋ ዓረብኛ፣ የአገሬው ሕዝብ ቋንቋ ሐውሳ ነበር። በዚህ ላይ የቱዋሬጎችን ታማሼክ ጨምራ በአራት ቋንቋ ትግባባ ነበር።

ሼኩ በስብከታቸው አጥብቀው የነቀፉት አንድ ነገር ነበር። ሊቃውንቱ ከሩቅ የመጡ ደረሶችን ቀን ከሌት እያስተማሩ፣ የገዛ ሚስቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን ግን ሶላት እንኳ በወጉ ሳያሳውቁ ይተዋሉ የሚል ነው። ሴትን ማስተማር በእሳቸው ዘንድ ለችሮታ የሚደረግ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ንግግራቸውን ሊያዳምጡ ወንዶችም ሴቶችም ይመጡ ስለነበር ይህን የተቃወሙ ሊቃውንት ነበሩ። ለተቃዋሚዎቹም ሴቶቹን በድንቁርና ማስቀመጥ ከዚያ የከፋ ጥፋት እንደሆነ ይመልሱላቸው ነበር። አስማኡ ይህን እየሰማች አደገች።

በ1804፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከጎቢር ንጉሥ ጋር የነበረው ጠብ ከረረ። ሼኩም ቤተሰባቸውንና ተከታዮቻቸውን ይዘው ከደገል ወደ ጉዱ ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ የመጡት አራት ዓመታት የጦርነት ዓመታት ናቸው። ሰፈሩ ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ ረሃብና በሽታ ይፈራረቃል። በተለይ በዚያው በ1804 መጨረሻ ጹንጹዋ ላይ የደረሰው ሽንፈት ከባድ ነበር። ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ። ለዚያ ማኅበረሰብ ይህ የወታደር ማለቅ ብቻ አልነበረም። መምህራኑም አብረው አልቀዋል።

አስማኡ የተዳረችው በዚሁ ጦርነት መሐል፣ በ1807 አካባቢ ነው። ባሏ ጊዳዶ ዳን ላይማ በዕድሜ ብዙ የሚበልጣትና የወንድሟ የሙሐመድ ቤሎ የቅርብ ጓደኛ ነበር። የጎቢር ዋና ከተማ አልቃላዋ በ1808 ወደቀች፤ በዓመቱ ቤሎ የሶኮቶን ከተማ ቆረቆረ። በ1817 ሼኩ ሲሞቱ ቤሎ በአባቱ እግር ተተካ፤ ጊዳዶም ወዚሩ ሆነ። በዚያው ዓመት መንታ ወንድሟን ሐሰንንም በሞት ተነጠቀች። አስማኡ እንግዲህ በ24 ዓመቷ የመሪው እህት፣ የወዚሩ ሚስትና የልጆች እናት ነበረች ማለት ነው።

ጦርነቱ ቢያበቃም ያስከተለው ችግር አላበቃም። በአዲሱ ከተማና በዙሪያው ባሉት መንደሮች የተሰበሰበው ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ስደተኛ አለ፣ ባሏ የሞተባት አለች፣ በጦርነት ተማርካ የመጣች የሐውሳ ሴት አለች። ብዙዎቹ የእስልምናን መሠረታዊ ነገር በቅጡ አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ቦሪ በሚባለው የመንፈስ አምልኮ ያደጉ ናቸው። ልጆችን የሚያሳድጉት ደግሞ እነዚሁ እናቶች ናቸው። አስማኡ የገባት ነገር ይህ ነው። እናቲቱ ሳትማር ልጁን ማስተማር ውሃን በወንፊት መቅዳት ነው። ይሁን እንጂ በልማዱ ልጅ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ከቤት አይወጡም። ታዲያ እናቶቹ ወደ ትምህርቱ መምጣት ካልቻሉ ትምህርቱ ወደ እነሱ መሄድ ነበረበት።

ለዚህ የሚሆን የማስተማሪያ ቁሳቁስ ከየት ይመጣል? በእጅ የተገለበጠ ኪታብ ውድ ነው፤ የተጻፈውም በዓረብኛ ነው። የአስማኡ መልስ ግጥም ነበር። ግጥም ወረቀት አይፈልግም፣ አይሰረቅም፣ በዝናብ አይበላሽም። እህል እየፈጨች፣ ጥጥ እየፈተለች፣ ልጅ እያስተኛች ያለች ሴት እጇን ሳታስፈታ ልትለው ትችላለች። አጠገቧ ያለው ሕፃንም ሳያውቀው ይይዘዋል። ስለዚህ በፉልፉልዴና በሐውሳ ቋንቋዎች በዓረብኛ ፊደል ትጽፍ ጀመር። ይህ አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። በእኛም አገር የወሎ ሼኾች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ በመንዙማ ዲን ያስተማሩበት መንገድ ስለሆነ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ግጥሞቿን ስናያቸው በደንብ የታሰበበት የትምህርት መርሃ ግብር ይመስላሉ። ለምሳሌ አንዱ የ114ቱን የቁርኣን ሱራዎች ስም በአጭር ግጥም የሰበሰበ ነው። በፉልፉልዴ፣ በሐውሳና በዓረብኛ፣ በሦስቱም ቋንቋ አዘጋጅታዋለች። ለጀማሪዋ የስሞች ዝርዝርና ዱዓ ነው። ለበሰለችው ተማሪ ግን እያንዳንዱ ስም የአንድ ትምህርት በር ነው፤ መምህሯ ስሙን ይዛ የሱራውን መልእክት ትተነትንላታለች። አንዱ ግጥም ለሕፃንም ለአዋቂም እንደየደረጃው ያገለግላል ማለት ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ስለ ሶላት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ዘካና ስለ መልካም ጠባይ ያስተምራሉ። በ1820 የጻፈችው የደጋጎቹን መንገድ የሚያሳይ ሥራ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ነገር ግን በዲኑ ብቻ አልተወሰነችም። ማኅበረሰቡ ከየት ተነስቶ በየት በኩል ሶኮቶ እንደደረሰ፣ የቱ ጦርነት የት እንደተካሄደ በግጥም አስቀምጣለች፤ ይህ ለልጆቹ የታሪክና የአገር ማወቂያ ትምህርት ነበር። በቁርኣን ሱራዎች ስለ መታከምና ስለ ጤናም ጽፋለች። ስለ ደጋግ ሴቶች በጻፈችው ግጥም ደግሞ እንደ ራቢዓ አል ዐደዊያ ያሉ ጥንታዊ ሱፊ ሴቶችን ከራሷ ዘመን ሴቶች ጋር አንድ ላይ አሰልፋቸዋለች። ግጥሙን የምትሰማ ልጅ የሩቋን ወሊይና የጎረቤቷን እትዬ በአንድ መስመር ታገኛቸዋለች።

ግጥም ተጻፈ ማለት ግን ተዳረሰ ማለት አይደለም። የአስማኡ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ያን ታሩ የሚባል፣ ትርጉሙ የተሰባሰቡ እህቶች የሆነ የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። በየመንደሩ አንዲት ብልህ ሴት ትመረጥና ጃጂ ትባላለች። ጃጂ በሐውሳ የሲራራ ነጋዴዎች መሪ ነው፤ በእኛ አነጋገር ነጋድራስ እንደማለት። ጃጂዋ የመውለጃ ዕድሜያቸው ያለፈ ሴቶችንና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ልጃገረዶችን አስከትላ በእግር ወደ ሶኮቶ ትመጣለች። እህል፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ጨርቅ ይዘው ይመጡና ስጦታው ለችግረኞች ይከፋፈላል። አስማኡ ቤት ተቀምጠው ግጥሙን እየደጋገሙ በቃላቸው ይይዛሉ፣ ማብራሪያውን ይሰማሉ፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ መንደራቸው ተመልሰው ከቤት የማትወጣዋን እናት እቤቷ ድረስ ሄደው ያስተምሯታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ጥያቄና አዲስ ተማሪ ይዘው ይመለሳሉ።

ለጃጂዎቹ የምትሰጣቸው የማዕረግ ምልክትም ብልሃት ነበረበት። ማልፋ የሚባል ከዘንባባ የተሠራ ሰፊ ባርኔጣ ነው። በጎቢር ይህን ባርኔጣ ታደርግ የነበረችው ኢና የምትባለው የቦሪ አምልኮ መሪ ሴት ነበረች። አስማኡ ባርኔጣውን አልከለከለችም፤ በላዩ ቀይ ጨርቅ አስራ ለመምህራኖቿ ሰጠቻቸው። ሕዝቡ ድሮም ያከብረው የነበረውን ምልክት ወስዳ አዲስ ሥራ ሰጠችው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስትሠራ እሷም ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ልጇ አብዱልቃድር ኋላ የአባቱን የወዚርነት ሥልጣን ይዟል። ወንድሟ ቤሎ በ1837 ሲሞት ታሪኩ እንዳይጠፋ ከባሏ ከጊዳዶ ጋር ሆና ትዝታውን በጽሑፍ አቆይታለች። ከሞሪታኒያ ከመጣ ሊቅም ጋር በግጥም ተጻጽፋለች። ለሞቱ ሰዎች የጻፈቻቸው የሐዘን ግጥሞች ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ለጎረቤቷ፣ ለጓደኛዋ፣ ለጃጂዎቿም ጽፋለች። የምታወድሳቸው በሀብታቸው ወይም በዘራቸው አይደለም። የተጣላ በማስታረቃቸው፣ የታመመ በመጠየቃቸው፣ ሌላውን በማስተማራቸው ነው።

የዘመኑን ሌላ ገጽታ መዝለል ግን ተገቢ አይሆንም። ሶኮቶ ብዙ ባሪያ የነበረባት አገር ናት፤ የጦርነት ምርኮኛ ባሪያ ይሆን ነበር። በትልልቆቹ ቤቶች፣ የወዚሩን ቤት ጨምሮ፣ ሊቋ ሴት ለመጻፍ ጊዜ ያገኘችው ውሃ የሚቀዱና እህል የሚፈጩ ሌሎች እጆች ስለነበሩ ነው። የአስማኡ ትምህርት ለተማረኩት ሴቶችም ደርሷል፤ ያመጣቸውን ሥርዓት ግን አልሻረም። ታሪኳን የሚናገር ሰው ሁለቱንም ቢናገር ለእሷም ለእነሱም ፍትሐዊ ነው።

ናና አስማኡ በ1864 አረፈች፤ የተቀበረችውም ሶኮቶ ውስጥ በአባቷ መቃብር አጠገብ ነው። ያን ታሩ ግን አብሮ አልተቀበረም። ጃጂዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እንግሊዞች በ1903 ሶኮቶን ሲይዙና አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤት ሲመጣም ሴቶቹ ግጥሞቹን በቃላቸው እንደያዙ ነበሩ። የእጅ ጽሑፎቿን በሶኮቶ የወዚሩ ቤተሰብ ጠብቆ አቆይቷቸዋል። ለብዙ ዓመታት እዚያው የኖረችው እንግሊዛዊት ተመራማሪ ጂን ቦይድ ከቤተሰቡ ጋር ሆና አሰባስባቸው፣ ከቤቨርሊ ማክ ጋር በ1997 በአንድ ትልቅ ጥራዝ ታተሙ። ከ60 በላይ ሥራዎቿ ዛሬም አሉ። በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሙስሊም ሴቶችም ያን ታሩ በሚለው ስም እየተሰባሰቡ ይማራሉ።

ዛሬ ልጁን ቤት ለሚያስተምር ወላጅ ከዚህ ታሪክ የሚቀር ቁም ነገር አለ። የአስማኡ ትምህርት የሠራው መጽሐፉ ስለበዛ አልነበረም፤ ከስንት አንዱ ቤት እንኳ መጽሐፍ አልነበረውም። የሠራው በመጀመሪያ እናቲቱ ስለተማረች፣ ቀጥሎ ትምህርቱ ቤተሰቡ በሚያወራበት ቋንቋ ስለተዘጋጀ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ የምታስተምረው እናት ብቻዋን ስላልተተወች ነው። ደጇን የምታንኳኳ ጃጂ ነበረቻት፤ ጃጂዋም ተመልሳ የምትጠይቃት መምህርት ነበረቻት። ዛሬ ኪታቡም የሒሳብ መልመጃውም በስልክ ይገኛል። ደጅ የምታንኳኳዋ ጃጂ ግን በስልክ አትወርድም፤ እሷን ማኅበረሰቡ ራሱ መርጦ መላክ አለበት።