ካርል ቴዎዶር ድራየር

ካርል ቴዎዶር ድራየር (ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1889 – ማርች 20 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.) ዴንማርካዊ የፊልም ዳይሬክተርና የስክሪፕት ጸሐፊ ነበር። በዕድሜው የሠራቸው ረጃጅም ፊልሞች 14 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም በይበልጥ የሚታወቁት «የዣን ዳርክ ሕማማት» (1928)፣ «ቫምፒር» (1932)፣ «የቁጣ ቀን» (1943) እና «ቃል» (1955) ናቸው። «ቫምፒር» ከአስፈሪ ፊልሞች ተራ ይመደባል፤ ነገር ግን ተመልካቹን ድንገት አስደንግጦ ለማስጮህ አይሞክርም። ፍርሃቱ የሚመጣው በግልጽ ከማይታየው ነገር ነው። ድራየር ለዚህ አሠራሩ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነት

የተወለደው በኮፐንሃገን ነው። ወላጅ እናቱ ጆሴፊን ኒልሰን የምትባል ስዊድናዊት ስትሆን በደቡብ ስዊድን በአንድ እርሻ ላይ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አባቱ የእርሻው ባለቤት ነበር። ሁለቱ ስላልተጋቡ ልጁ በድብቅ ተወልዶ ለሌሎች ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ ካርል ቴዎዶር ድራየር የተባለ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በማደጎ ወስዶ የራሱን ስም አወጣለት። ቤቱ ፍቅር የራቀው ነበርና ድራየር ገና በወጣትነቱ ጥሎት ወጣ።

ጎልማሳ ሲሆን የወላጅ እናቱን ታሪክ ፈልጎ አገኘ። ጆሴፊን በ1891 እንደገና ባል ሳይኖራት አርግዛ፣ ፅንሱን ለማስወረድ በወሰደችው መርዝ ሞታለች። በኋላ በሠራቸው ፊልሞች መሃል ላይ ደጋግማ የምትቆመው ወንዶች ተሰብስበው የሚፈርዱባት ሴት ናት። ይህን ከእናቱ ዕጣ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም።

ድራየር በመጀመሪያ ጋዜጠኛ ነበር። ስለ አውሮፕላን በረራ ይጽፍ፣ ራሱም በትልልቅ ፊኛዎች ይበር ነበር። በ1911 ኤባ ላርሰንን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ከዚያ ኖርዲስክ ለተባለው የዴንማርክ ፊልም ኩባንያ ስክሪፕት መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያ ፊልሙን «ፕሬዚዳንቱ»ን በ1919 ካወጣ በኋላ በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድንና በጀርመን ሠርቷል።

የዣን ዳርክ ሕማማት

በ1925 ያወጣው «የቤቱ ጌታ» የተሰኘ ፊልም በፈረንሳይ ስለተወደደ ፓሪስ ላይ እንዲሠራ ተጋበዘ። የመረጠው ታሪክ የዣን ዳርክን የፍርድ ሂደት ነበር። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ትልቅ ሕንጻ ካስገነባ በኋላ ካሜራውን ያነጣጠረው በሕንጻው ላይ ሳይሆን በተዋናዮቹ ፊት ላይ ነው። ተዋናዮቹ ምንም ዓይነት የፊት ቀለም አልተቀቡም፤ የዳኞቹ ሽብሽብና ላብ ሳይቀር ይታያል። ዋና ተዋናይቱ ረኔ ፋልኮኔቲ ፀጉሯን በካሜራ ፊት ተላጨች። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው፤ ነገር ግን የሰው ፊት ብቻውን የአንድን ሰው የውስጥ ጭንቀት ሊናገር እንደሚችል ከዚህ በተሻለ ያሳየ ፊልም ማግኘት ይከብዳል።

ፊልሙ ገንዘቡን አልመለሰም። በዚያው ዓመት ዋናው ኔጋቲቭ በርሊን ውስጥ በእሳት ወደመ። ድራየር ከተጣሉ ቁራጮች ሁለተኛ ቅጂ ቢያዘጋጅም እሱም ጠፋ።

ቫምፒር

ከዚህ በኋላ ገንዘብ የሚሰጠው ኩባንያ ስላጣ ኒኮላ ደ ጉንዝበርግ ከተባለ ወጣት ባለጸጋ ጋር ተስማማ። ጉንዝበርግ ወጪውን የሸፈነው ዋናውን ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት ነው፤ በፊልሙ ላይ የሚታየው ጁልያን ዌስት በሚል ስም ነው። ታሪኩ ከአየርላንዳዊው ደራሲ ሸሪዳን ለ ፋኑ ሥራዎች የተወሰደ ሲሆን፣ አለን ግሬይ የተባለ ወጣት በአንዲት መንደር ከደም መጣጭ ሙት ጋር የሚገጥመውን ያሳያል። ከሁለት በስተቀር ዋና ዋናዎቹ ተዋናዮች ሙያተኞች አልነበሩም። ቀረጻው በፈረንሳይ ገጠር፣ በእውነተኛ ቤቶች ውስጥ ተካሄደ።

ሥራው እንደተጀመረ አንድ ቀረጻ ላይ ያልታሰበ ብርሃን ሌንሱን መትቶ ምስሉ ግራጫና ደብዛዛ ሆኖ ወጣ። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ይጥለው ነበር። ድራየርና የካሜራ ባለሙያው ሩዶልፍ ማቴ ግን የሚፈልጉት ይህንኑ እንደሆነ ስለተረዱ፣ ከዚያ በኋላ ሆን ብለው በካሜራው ፊት ስስ ሻሽ እየዘረጉ ብርሃን ያሳርፉበት ጀመር። በዚህ ምክንያት ፊልሙ ቀን ይሁን ሌሊት አይለይም፤ ሁሉም ነገር በጉም ውስጥ ያለ ይመስላል።

በፊልሙ ውስጥ ጥላዎች ከባለቤታቸው ተለይተው ይሄዳሉ። የአንድ እግሩ እንጨት የሆነ ወታደር ጥላ ብቻውን መጥቶ ከተቀመጠው ወታደር ጋር ይገጥማል። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጥላ ደግሞ አፈሩን ወደ ኋላ፣ ወደ አካፋው ይመልሰዋል፤ ይህ ፊልሙን ወደ ኋላ በማጫወት የተገኘ ቀላል ዘዴ ነው። በደም መጣጩ የተነከሰችው ልጅ በአልጋዋ ላይ ሆና እህቷን ስትመለከት ፊቷ ቀስ እያለ ከሐዘን ወደ አዳኝ አውሬ ፈገግታ ይለወጣል። ይህን ሁሉ የሠራችው ተዋናይቱ ሲቢል ሽሚትስ በፊቷ ብቻ ነው፤ የውሸት ጥርስ እንኳ የለም። በሌላ ትዕይንት አለን ግሬይ የውሻ ጩኸትና የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ፣ የመንደሩ ሐኪም ግን በዚያ ውሻም ሕፃንም እንደሌለ ይነግረዋል። ተመልካቹ ድምፁን በጆሮው ስለሰማ ማንን እንደሚያምን ይቸግረዋል። በከሚሴ ዙሪያም ሆነ በሌላው የወሎ ገጠር ማታ የጅብ ድምፅ ሰምቶ ስለ ቡዳ የተነገረውን ወሬ ያስታወሰ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም፤ የሚያስፈራው ጅቡ ሳይሆን ድምፁ ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ነው።

በፊልሙ ታዋቂ የሆነው ክፍል የሬሳ ሳጥኑ ነው። አለን ግሬይ በሕልሙ ራሱን ሞቶ ያያል። ሳጥኑ በፊቱ በኩል ትንሽ መስኮት አለው፤ ካሜራው በሬሳው ቦታ ገብቶ ወደ ላይ ያያል። ክዳኑ ሲጠብቅ፣ አሮጊቷ ሻማ ይዛ በመስኮቱ አጎንብሳ ስትመለከት፣ ከዚያም ሳጥኑ ተሸክመውት ሲሄዱ የዛፍ ቅርንጫፍና ሰማይ ሲያልፍ ይታያል። ተመልካቹ የሚቀበረው ራሱ ነው። ሐኪሙ የሚሞተው ደግሞ በወፍጮ ቤት ተቆልፎበት ዱቄት እየዘነበበት ነው። በአስፈሪ ፊልም ሞት ጥቁር መሆኑ በተለመደበት ዘመን ድራየር ነጭ አደረገው፤ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ለብሶ የወጣ ሰው ትዕይንቱን በአፍንጫው ጭምር ይሰማዋል።

ንግግሩ ጥቂት የሆነው ፊልሙ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ለመውጣት ስለታቀደ ጭምር ነው። ተዋናዮቹ እያንዳንዱን ቃል በየቋንቋው በአፋቸው ይደግሙ ነበር፤ ድምፁ የተጨመረው በኋላ ነው። እንደ ከሚሴ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት ከተማ ለሚኖር አንባቢ ይህ ብዙም እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ የሚገርመው ግን ድራየር ችግሩን ወደ ጥቅም መለወጡ ነው። ዝምታው ፊልሙን ይበልጥ ሕልም አስመሰለው።

«ቫምፒር» ሜይ 6 ቀን 1932 በርሊን ላይ ሲታይ ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመው። የጀርመን ሳንሱር አስቀድሞ የሐኪሙን ሞትና የደም መጣጯን መገደል አሳጥሮት ነበር። በቪየና ደግሞ ተመልካቾች ገንዘባችን ይመለስ ብለው ረብሻ አስነሱ። ድራየር አእምሮው ታውኮ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ታከመ።

ከውድቀቱ በኋላ

ሙሉ ፊልም ሳይሠራ አሥር ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ መካከል፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ «ሙዱንዱ» የተባለ ፊልም ለመሥራት ጣሊያን ወደያዘችው ሶማሊያ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ታሞ ሥራውን ሳይጨርስ ተመለሰ። ፊልሙን ሌላ ዳይሬክተር ጨረሰው። ድራየር ኮፐንሃገን ገብቶ ወደ ጋዜጠኝነት ተመለሰ፤ የፍርድ ቤት ዜናም ይጽፍ ነበር።

በ1943 ዴንማርክ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ «የቁጣ ቀን»ን አወጣ። ታሪኩ በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ አንዲት አሮጊት በጥንቆላ ተከስሳ ስትቃጠል ይጀምራል። የቄሱ ወጣት ሚስትም ቀስ በቀስ ሰዎች የሚሏትን መሆኗን ራሷ ታምናለች። በእርግጥ ኃይል ይኑራት አይኑራት ፊልሙ አይወስንም፤ ጥንካሬውም ይኸው ነው። ብዙዎች በጊዜው ይፈጸም ለነበረው አሳደዳ ምሳሌ አድርገው ስላዩት ድራየር ይህን ቢያስተባብልም ወደ ስዊድን ሄደ።

በ1952 በኮፐንሃገን ዳግማር የተባለውን ሲኒማ ቤት እንዲያስተዳድር ተሰጠው፤ ኑሮውም በዚህ ተደላደለ። በ1955 ያወጣው «ቃል» በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ። የመጨረሻው «ጌርትሩድ» (1964) ፓሪስ ላይ ሲታይ እንደገና ክፉኛ ተነቀፈ። ለብዙ ዓመታት ያሰበው የኢየሱስ ሕይወት ፊልም የዴንማርክ መንግሥት ገንዘብ ሊሰጠው ከተስማማ በኋላ ሳይጀመር ድራየር በ79 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ 13 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ኦስሎ አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዕቃ ቤት ውስጥ የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። ሲከፈቱ በእሳት ጠፍቷል ከተባለው ከመጀመሪያው «የዣን ዳርክ ሕማማት» የታተመ ቅጂ ነበር። የ«ቫምፒር» ዋና ኔጋቲቭ ግን አልተገኘም። ፊልሙ ከቀሩት የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ ቅጂዎች ተገጣጥሞ በ1998 ታድሷል።