አድያም ሰገድ ኢያሱና የጣና ደሴት

ታላቁ አፄ ኢያሱ የጻድቁ ዮሐንስ ልጅ ናቸው። በ1674 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነግሠው 24 ዓመት ገዙ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉ፣ ዓባይን ተሻግረው የዘመቱ ንጉሥ ነበሩ።

ገላቸውን የቆዳ ሕመም ቢይዛቸው በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከግብፅ ድረስ ተጠርቶ መጣና አከማቸው፤ ተሻላቸውም። ቆይቶ ግን ሐኪም የማይመልሰው ነገር መጣ። እጅግ የሚወዷት ዕቁባታቸው ቅድስተ ክርስቶስ ሞተች። ኀዘኑ አልወጣላቸው አለ። የሚታዘዝ ጦር ሞልቷል፤ ሞትን የሚያዝ ግን የለም። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን ትተው፣ ከጎጃማችን በስተሰሜን ወደተንጣለለው ጣና ወርደው፣ መናንያን ከዓለም በሚሸሹበት ሐይቅ ደሴት ላይ ተቀመጡ።

ታዲያ ሰው ዙፋንን ቢተወው ዙፋን ሰውን መች ይተወዋል? ንግሥት መለኮታዊትና መኳንንቱ ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱም በጥቅምት 1699 ዓ.ም. በሄዱበት ደሴት ተገደሉ። የተቀበሩት ምጥራሃ ደሴት ነው። ልጅየውም አልበረከተለትም፤ በ1700 ዓ.ም. በተራው በሰው እጅ ሞተ።

ሁለቱም አልፈዋል። ስማቸው ግን ለየቅል ነው፤ ዙፋኑን የተወው አባት ታላቁ፣ በአባቱ ደም የተጠረጠረው ልጅ እርጉም ተብለው ቀሩ። እኛስ በምን እንጠራ ይሆን?