ከመርሐ ቤቴ እስከ ጎሐ ጽባሕ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የማተሚያ ቤታቸው ትምህርት

ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የመርሐ ቤቴ አገር፣ ከመንዝና ከግሼ ደጋ ጋር ጎረቤት ሆኖ የኖረ፣ እርሻንና ክህነትን አጣምሮ የያዘ አገር ነው። መንዜው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራል፤ ደብተራው ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ ይጽፋል። ሁለቱም በዘመናዊ አጠራር አነስተኛ የሥራ ድርጅት ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ድርጅታቸው ከቤታቸውና ከእጃቸው የተለየ ስም አልነበረውም። ባለሙያው በሕይወት እስካለ ድረስ ሥራው ይኖራል፤ እርሱ ሲያልፍ ግን ልጁ ካልተተካ ሥራውም አብሮ ያልፋል።

በ1870 ዓ.ም. በዚሁ በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በብዙኃኑ ዘንድ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደራሲነታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። ሦስተኛው ሥራቸው፣ ይኸውም የማተሚያ ቤት ባለቤትነታቸው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። ይሁን እንጂ አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁሙና ለሚያማክሩ ባለሙያዎች ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ከሦስተኛው ሥራ ነው።

ኅሩይ ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ከመርሐ ቤቴ ወጥተው በእንጦጦ ራጉኤል ተምረዋል፤ በጽሕፈት ችሎታቸውም ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ገብተዋል። በዚያ ዘመን ለአንድ የካህን ተማሪ ካፒታል የሚባለው ነገር ዕውቀቱና የእጅ ጽሕፈቱ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ተመሥርቶ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የተፈቀደለት ካፒታልም 500,000 ፓውንድ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ባንክ በዋናነት የትልልቅ ነጋዴዎችና የመንግሥት አገልጋይ እንጂ፣ ዋስትና የሚሆን ሀብት የሌለው ሸማኔ ወይም ጸሐፊ ብድር የሚጠይቅበት ቤት አልነበረም። ለትንሹ ሰው የቀረው መንገድ የዘመድ እርዳታ፣ ዕቁብ ወይም የባለሥልጣን ቸርነት ነበር። ከዚህም ሌላ የእጅ ሥራ ራሱ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ ማስነገራቸው፣ ችግሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የክብርም እንደነበረ ያስረዳል።

በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጫን ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ሎንዶን ሲሄዱ፣ ኅሩይ አብረዋቸው ተጓዙ። ከዚያ በተመለሱ ማግስት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ ያሳተሙት ሥራ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚዘረዝር መዝገብ ነበር። ይህ መዝገብ ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ሰነድ ነው፤ ለሥራ አማካሪ ግን ሌላም ነገር ነው። ኅሩይ ማተሚያ ከማቋቋማቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአገሪቱ ምን መጽሐፍ እንዳለ ቆጥረዋል። ምን እንዳለ ያወቀ ሰው ምን እንደጎደለ ያውቃል። ዛሬ የገበያ ጥናት ተብሎ ከሥራ ዕቅድ ጋር የሚቀርበው ሰነድ፣ በመሠረቱ የዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። መዝገቡንም አንድ ጊዜ አሳትመው አልተዉትም፤ በ1920 ዓ.ም. አስፍተው እንደገና አውጥተውታል።

ከቆጠራው ቀጥሎ የመጣው ማተሚያው ሳይሆን መጽሐፉ ነው። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»፣ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «ወዳጄ ልቤ» እና በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች መታወቂያ እንዲሆን ያዘጋጁት «የሕይወት ታሪክ» ታተሙ። እነዚህ ቀደምት መጻሕፍት የወጡት በሌሎች ማተሚያ ቤቶች ነው። እንግዲህ ኅሩይ የራሳቸውን መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት ለብዙ ዓመታት የሌላ ሰው ማተሚያ ደንበኛ ሆነው ኖረዋል፤ ሥራው የሚወስደውን ጊዜ፣ ወረቀቱ የሚጠይቀውን ገንዘብ፣ የእርማቱን አድካሚነትና የአንባቢውን ፍላጎት በደንበኛነት ተምረዋል። መሣሪያውን አስቀድሞ ገዝቶ ሥራውን በኋላ የሚፈልግ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ኅሩይ የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው።

በመካከሉ የመንግሥት ሥራቸው እየሰፋ ሄደ። ከ1909 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አስተዳደር ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ጋር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው እስከ አሜሪካ ተጉዘዋል። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች በሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት አገልግለዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረዋቸው ነበሩ፤ የጉዞውንም ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው ጽፈዋል። የልዩ ፍርድ ቤቱ ሥራ በተለይ የውልና የዕዳ ክርክር የሚታይበት በመሆኑ፣ በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለዳኛው በየጊዜው የሚያሳይ ነበር።

ጎሐ ጽባሕ የተባለው የኅሩይ ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ የቆመው በዚህ ሁሉ ልምድ ላይ ነው። «ዋዜማ» በ1921 ዓ.ም.፣ ስለ ጃፓን የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ከዚሁ ማተሚያ ቤት ወጥተዋል። በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት ማቋቋም ምን ማለት እንደነበር ለመገንዘብ የፊደሉን ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። የላቲን ፊደል የሚያትም ሰው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ጨምሮ ጥቂት ደርዘን ቅርጾች ይበቁታል። የአማርኛ አታሚ ግን 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲያሰላ 231 ቅርጾች፣ በዚያም ላይ ዲቃላ ፊደላትንና የግዕዝ አኃዞችን ማዘጋጀት አለበት፤ ከእያንዳንዱም ቅርጽ ብዙ የእርሳስ ፊደል ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ ይደረድራል፤ ገጹ ከታተመ በኋላ ፊደሉ ተበትኖ ወደየሳጥኑ ይመለሳል። ፊደሉ ካነሰ ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ መደርደር አይቻልም፤ ሥራው ይጓተታል፤ በወረቀት ላይ የዋለው ገንዘብም ሳይመለስ ይቆያል። ዛሬ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል የሚባለው፣ ጀማሪዎች አሳንሰው የሚገምቱትና ብዙ ድርጅት የሚወድቅበት ገንዘብ፣ በማተሚያ ቤት ውስጥ በዓይን ይታይ ነበር።

ከማተሚያ ቤቱ የወጡት መጻሕፍት ራሳቸው የቁጠባንና የሥራን ጉዳይ ያነሣሉ። የ«አዲስ ዓለም» ዋና ባለታሪክ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ከአገሩ ልማድ ጋር የሚጋጨውም በተዝካርና በሠርግ ድግስ ጉዳይ ነው። ከተጉለት እስከ መንዝና መርሐ ቤቴ ድረስ የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን ድግስ ማለቁ የተለመደ ነበር። ከዚያ አገር የተነሡት ኅሩይ ይህን በልብ ወለድ መልክ ማቅረባቸው፣ ለትንሽ ሥራ የሚሆነው ገንዘብ ሁልጊዜ ከሩቅ እንደማይመጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቤት ውስጥ እንደሚባክን ለአንባቢ አስገንዝቧል።

ኅሩይ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ጉዳይን ሥራ ይመሩ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የተጓዙትም በዚሁ ኃላፊነት ነው። በዚያን ጊዜ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ የኢትዮጵያን ገበያ ይዞ ነበርና፣ ጉዞው የወዳጅነት ብቻ ሳይሆን አንዲት የእስያ አገር እንዴት በራሷ ጉልበት ሠርታ ለዓለም እንደምትሸጥ ለማየትም አጋጣሚ ነበር። መጽሐፋቸው ሁለቱን አገሮች እያነጻጸረ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አቅርቦታል።

ይህ ሁሉ ሥራ የተቋረጠው በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነው። በዚያን ጊዜ ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው በመታተም ላይ ነበር፤ ሳይፈጸም ቀረ። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. ልጆቻቸው ፈቃደ ሥላሴና ጆርጅ በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። አባትየው ይህን ኀዘን ተሸክመው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ከቆዩ በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመት ዕድሜያቸው በዚያው በስደት አረፉ። በሕይወት የቀረው ልጃቸው ሲራክ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ በመመለስ የአባቱን የብዕር መንገድ ተከትሏል።

ወረራ ማንኛውንም ድርጅት ሊያፈርስ ይችላልና፣ በኅሩይ ላይ የደረሰውን የአሠራር ጉድለት ውጤት አድርጎ መቁጠር ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ደራሲው፣ አሳታሚውና ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን፣ ወራሾቹም በአንድ ቤት ያሉ ልጆች ሲሆኑ፣ አንድ መከራ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። የብራና ጸሐፊው ዕጣ፣ ከእርሱ እጅግ በራቀ ማዕርግ ላይ የነበሩትን ሚኒስትርም አገኘ። የቀረው መጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉም የቀረው በብዙ ቅጂ ታትሞ በብዙ ሰው እጅ ስለተበተነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ለዚህ ድካም መድኃኒት እያዘጋጀ መጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ማኅበር ከአባላቱ የተለየ ሰውነት እንዲኖረው አድርጓል፤ እርሱን የተካው በ1243/2013 ቁጥር የታወጀው ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ትርፍ ለማይፈልጉ ድርጅቶች የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቷል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የሚሰጥ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና ሕንፃ የሌለው ሰው መሣሪያውን ወይም ከብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። የዛሬው የመርሐ ቤቴ አታሚ ማተሚያውን፣ የመንዙ ባለ ባና በጎቹን ይዞ አበዳሪ ዘንድ ሊቀርብ ይችላል። ኅሩይ በዘመናቸው ያላገኙት ዕድል ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት የብድር ማመልከቻውን ይዞ ወደ ባለሙያ ሲመጣ፣ ከኅሩይ ሕይወት የሚመነጩ አራት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። በአካባቢው ያለውን ሥራ ቆጥሯልን? መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት በሌላ ሰው መሣሪያ ሠርቶ ደንበኛውን አውቋልን? ወረቀቱ ወደ መጽሐፍ፣ መጽሐፉም ወደ ገንዘብ እስኪለወጥ ድረስ የሚያቆየው ገንዘብ አለውን? እርሱ በማይኖርበት ቀን የጀመረውን የሚፈጽመው ማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የመርሐ ቤቴው ሰው በተግባር መልስ ሰጥተዋል። አራተኛው ጥያቄ ግን በጎሐ ጽባሕ እንደቀረው ታሪክ ሳይፈጸም የቀረ ስለሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ላይ ነው አማካሪው ጊዜ ወስዶ ሊነጋገር የሚገባው።