በረሃብ የሞተው የዘር ሰብሳቢ

ወይን ስትበሉ ውስጡ ያለችውን ዘር ከመትፋታችሁ በፊት አንዴ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ሞላላ ናት፤ በአንድ በኩል እንደ ወፍ ምንቃር ሾል ትላለች። የዱር ወይን ዘር ግን ድብልብል ያለ ነው፤ ምንቃሩም አጭር ነው። ሰው ወይንን ከጫካ አውጥቶ ሲያለምድ በሺህ ዓመታት ውስጥ የዘሩ መልክ ቀስ እያለ ተለወጠ። ስለዚህ ዛሬ አርኪዮሎጂስቶች በጥንት መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የከሰለ ዘር ሲያገኙ ቅርጹን ይለካሉ። የመንደሩ ሰው ወይን ይተክል ነበር ወይስ ከጫካ ይለቅም ነበር የሚለውን የሚገምቱት ከዚያ ነው።

ዘር ከኢኮኖሚክስ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ስለ ሀብት ባነበብኩ ቁጥር እየመጣ የሚደቀንብኝ ሰው አለ፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ።

ቫቪሎቭ በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞስኮ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። አገሩ በየጊዜው በረሃብ ትመታ ስለነበር ግብርና አጠና። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ አንድ ሰብል በዓይነቱ እጅግ የበዛበትንና የዱር ዘመዶቹ የሚገኙበትን ቦታ ፈልግ፣ ሰው ሰብሉን ያላመደው እዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። ይህንን ይዞ ፋርስን፣ ፓሚርን፣ አፍጋኒስታንን ዞረ። በካውካሰስና በመካከለኛው እስያም የዱር ፍራፍሬና የዱር ወይን ከለማው ጋር ተጎራብተው የሚበቅሉበትን ምድር አጠና። የሚገርመው፣ በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ካውካሰስ ውስጥ፣ ጆርጂያ ላይ፣ 8000 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ሸክላ ላይ የወይን ጠጅ ርዝራዥ ተገኝቷል።

በ1927 ወደኛም አገር መጣ። የያኔውን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አገኘ፤ በበቅሎ ቅፍለት ደጋውን አቋርጦ እስከ ኤርትራ ዘለቀ። የገበሬዎቻችን ስንዴና ገብስ ልዩነቱ እጅግ አስደነቀው፤ አገራችንንም ከዓለም ዋና የሰብል መነሻዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። በኋላ የመጡ ምሁራን ግን አረሙት። ጤፍና ኑግ በርግጥ የኛው ናቸው፤ የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች ግን ያሉት መካከለኛው ምሥራቅ ነው። እና ያ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ? ከገበሬው ነው። እየመረጠ፣ እያደባለቀ፣ ለየደጋውና ለየቆላው የሚስማማውን እያስቀረ ያበዛው እሱ ነው። እኔን ከመነሻው ክብር ይልቅ ይሄኛው ያኮራኛል።

ቫቪሎቭና ባልደረቦቹ ሌኒንግራድ ላይ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የዘር ናሙና አከማቹ። ስታሊን ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው የጂንን ሳይንስ ውድቅ አድርጎ፣ ሰብል በአያያዝ ብቻ ተፈጥሮውን ይለውጣል ብሎ ፈጣን ምርት ቃል ገባ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል የኛ ሰው፤ ሊሴንኮ ደግሞ ልጓሙ ነው የሚስበው ባይ ነበር። መንግሥት ሊሴንኮን አመነ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ተያዘ። በስለላና በአሻጥር ተከሶ ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። ግን አልቆየም። በጥር 1943፣ ድሮ ፕሮፌሰር ሆኖ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ፣ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ዕድሜው 55 ነበር። ዓለምን ለማጥገብ የተነሳ ሰው!

በዚያው ሰሞን ሌኒንግራድ በናዚ ጦር ተከባ ነበር። ባልደረቦቹ በእህል መሐል ተቀምጠው ይራባሉ፤ ዘሩን ግን አይነኩም። የሩዙ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በረሃብ ሲሞት በሺዎች የሚቆጠር እሽግ ሩዝ በእጁ ነበር። ሌሎችም እንዲሁ አለቁ። ቫቪሎቭ ከክሱ ነጻ የተባለው በ1955፣ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ ልምጣ። የዘር ዓይነት መብዛት መድን ነው። ዋግ ሲመጣ ወይም ዝናብ ሲቀር አንዱ ቢከስም ሌላው ይተርፋል። ችግሩ፣ ጥቅሙ የሁሉም ነው፤ ወጪው ግን የጠባቂው ብቻ። የአያቱን ስንዴ የሚዘራ ገበሬ በኩንታል ያነሰ ያገኛል፤ ለመድኑ የሚከፍለው የለም። ገበያው አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር ዝራ ይለዋል፣ እሱም ልጆች አሉትና ይዘራል። አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አለን፤ ጥሩ ነው። ባንክ ውስጥ የተኛ ዘር ግን ከተለዋዋጭ ዝናብና ከአዲስ በሽታ ጋር አብሮ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጥ ዘር ለሚወስደው ድጎማ ስናስብ፣ የቆየውን ዘር ለሚጠብቀውም በጀት እንያዝ። ሌኒንግራድ ላይ ሰዎች በነፍሳቸው የከፈሉበትን ነገር የኛ ገበሬ በነጻ እንዲጠብቅልን መጠበቅ ነውር ነው።