ዶክተር አማኑኤል ሪንግልብሉምና የተቀበረው የዋርሶ መዝገብ

በየቤተ መዛግብቱ በብዛት ተጠብቆ የሚገኘው የነገሥታትና የጦር አዛዦች ደብዳቤ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፎ የዋለ ሰው ወረቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል። ይህ እንዳይሆን ሕይወታቸውን እስከ መስጠት ከደረሱት ሊቃውንት አንዱ የፖላንድ አይሁዳዊ የነበሩት ዶክተር አማኑኤል ሪንግልብሉም ናቸው።

ሪንግልብሉም በ1900 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቡቻች በምትባል፥ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት በነበረች፥ ዛሬ ግን በዩክሬን በምትገኝ ከተማ ተወለዱ። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንተው በ1927 ስለ ከተማይቱ አይሁድ የጥንት ታሪክ ባቀረቡት ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1923 ከጓደኞቻቸው ጋር የወጣት ታሪክ አጥኚዎችን ክበብ አቋቁመው ነበር። በኋላም በአንድ የሴቶች ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ እያስተማሩ ኖሩ።

በዚያ ዘመን በዋርሶ አይሁዳዊ ተማሪ መሆን ቀላል አልነበረም። በ1937 ዩኒቨርሲቲው የአይሁድ ተማሪዎች ለብቻቸው በተለየ ወንበር እንዲቀመጡ ትእዛዝ አወጣ። ተማሪዎቹም በዚያ ወንበር ከመቀመጥ ትምህርቱን ቆመው መስማትን መረጡ። ቀላል ተቃውሞ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ሙሉ ቀን ቆሞ ማስታወሻ ለመጻፍ ይሞክር! ፈላስፋውን ታዴዎሽ ኮታርቢንስኪን የመሰሉ ፖላንዳውያን መምህራንም ትእዛዙን በግልጽ ተቃውመዋል።

በነሐሴ ወር 1939 ሪንግልብሉም ለስብሰባ ጄኔቭ ነበሩ። ጦርነት እንደሚመጣ እየታየ፥ ስዊስ አገርም ሰላም ሳለ፥ እርሳቸው ሚስታቸውና ትንሹ ልጃቸው ወዳሉበት ወደ ዋርሶ ተመለሱ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ናዚዎች ፖላንድን ወረሩ። በኅዳር ወር 1940 ደግሞ ከ400,000 የሚበልጡ አይሁድ በግንብ በታጠረ አንድ ሰፈር ውስጥ ተዘጋባቸው፤ ይህም ጌቶ የሚባለው ነው።

ግንቡ በተዘጋ በሳምንቱ ሪንግልብሉም በምስጢር የሚሠራ ቡድን አቋቋሙ። አባሎቹ የሚገናኙት በቀዳሚት ሰንበት ስለ ነበር የቡድኑን ስም በይዲሽ ቋንቋ የሰንበት ደስታ አሉት። መምህራን፥ ደራስያን፥ የሃይማኖት ሊቃውንትና ወጣቶች፥ በጠቅላላው ብዙ አሥር ሰዎች ተካፈሉበት። የሰበሰቡትም የተማሪዎችን ድርሰት፥ ስደተኞች ስለየከተማቸው የተናገሩትን ቃል፥ ወጣቶች በድብቅ ያሳትሟቸው የነበሩትን ጋዜጦች፥ የዳቦ ካርድ፥ የትራም ቲኬት፥ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ፋይል የምናገላብጥ እኛ ብንሆን የከረሜላውን ወረቀት ያለ ጥርጥር ወደ ቅርጫት በጣልነው ነበር።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን የወገናቸውን ገበና አለመሸፈናቸው ነው። የአይሁድ ፖሊሶች ስለሠሩት ግፍ፥ ሀብታሙ ድኻው ሲራብ ዝም ስለ ማለቱ በማስታወሻቸው ሳይራሩ ጻፉ። ሕዝቡ እየሞተ ሳለ ይህን መጻፍ ከጠላት ጋር እንደ ማበር ሊቈጠር ይችል ነበር፤ እርሳቸው ግን የተስተካከለ ምስክርነት የማይታመን ምስክርነት መሆኑን ያውቁ ነበር።

በሐምሌ ወር 1942 ነዋሪዎቹን በባቡር ወደ ትሬብሊንካ የሞት ሰፈር ማጋዝ ተጀመረ። በነሐሴ መጀመሪያ፥ ጀርመኖች በየመንገዱ ሰው ሲያፍሱ፥ አንድ መምህርና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች በኖቮሊፕኪ መንገድ ባለ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቈፍረው አሥር የቆርቆሮ ሣጥኖች ቀበሩ። ወጣቶቹ የየራሳቸውን ኑዛዜ ጽፈው በሣጥኖቹ ውስጥ ጨምረዋል። በየካቲት ወር 1943 ሁለተኛው ክፍል በሁለት ትልልቅ የብረት የወተት ዕቃዎች ሆኖ እዚያው ተቀበረ።

ሪንግልብሉም ከአንድ የግዞት ሰፈር በወዳጆች ርዳታ አምልጠው ከቤተ ሰባቸው ጋር በግሩዬትስካ መንገድ በአንድ የመሬት ውስጥ መደበቂያ ተሸሸጉ፤ እዚያም ስለ ፖላንዳውያንና ስለ አይሁድ ግንኙነት መጻፋቸውን አላቋረጡም። በመጋቢት ወር 1944 መደበቂያው ተገኘና ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ተገደሉ።

ከጦርነቱ የተረፉት የቡድኑ አባሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። በእነርሱ ጥረት በ1946 ሣጥኖቹ ከፍርስራሹ ሥር ወጡ፤ ውኃ ገብቶባቸው ስለ ነበር ብዙው ወረቀት በስብሶ ተገኘ። የወተት ዕቃዎቹ በ1950 ሲወጡ ግን በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ በደንብ ይነበብ ነበር። ወደ 35,000 ገጽ የሚሆነው መዝገብ ዛሬ በዋርሶ የአይሁድ ታሪክ ተቋም ይገኛል። በ1943 በሌላ ቦታ የተቀበረው ሦስተኛው ክፍል፥ ከጥቂት የተቃጠሉ ገጾች በቀር፥ እስከ አሁን አልተገኘም።