ጄምስ መሪ ስፓንግለር

ጄምስ መሪ ስፓንግለር (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1848 – ጃንዋሪ 1915) አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ነበር። አንድ ሰው ብቻውን እየገፋ ቤቱን ሊያጸዳበት የሚችል፣ ገበያ ላይም የተሳካለት የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ክሊነር (የአቧራ መምጠጫ) የእሱ ሥራ ነው። ማሽኑ በዓለም ላይ የታወቀው ግን ፓተንቱን በገዛው በዊልያም ሄንሪ ሁቨር ስም ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወቱ

ስፓንግለር የተወለደው በፔንሲልቬኒያ ሲሆን ያደገው ቤተሰቦቹ በሄዱበት በኦሃዮ ግዛት ነው። በ1874 ኤሊስታ ሆልትዝን አግብቶ ልጆች ወለደ። ከወንድሙ ጋር የወንዶች ልብስ በመሸጥ ሥራ ላይ ቆይቷል። ኑሮው ከንግድ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ማሽን መፈልሰፍ ላይ ነበር። በ1887 ለእህል ማጨጃ፣ በ1893 ለድርቆሽ መሰብሰቢያና ማናፈሻ፣ በ1897 ደግሞ በእግር ለሚነዳ ጋሪ ፓተንት አግኝቷል። ሦስቱም በወረቀት ላይ የተመሰከረላቸው ሥራዎች ቢሆኑም ሀብት አላመጡለትም። ወደ ስድሳ ዓመቱ ሲጠጋ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በኦሃዮዋ በካንተን ከተማ፣ ዞሊንገር በተባለ ትልቅ መደብር ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ነበር።

ማሽኑ እንዴት ተሠራ

ስፓንግለር አስም ነበረበት። የመደብሩን ምንጣፍ የሚጠርገው በምንጣፍ መጥረጊያ ነበር። ይህ መሣሪያ ሲገፉት በሚሽከረከር ብሩሽ ቆሻሻን የሚያነሳ ሣጥን ሲሆን፣ በ1876 ሜልቪል ቢሰል በሚሺጋን ካወጣው ወዲህ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደ ሆኖ ነበር። ጉድለቱ ደቃቁን አቧራ ከመሰብሰብ ይልቅ ወደ አየር መበተኑ ነው። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ደቂቃ አስነጥሶ ይተወዋል፤ ማታ ማታ አንድ መደብር ሙሉ ለሚጠርግ አስመኛ ግን ነገሩ የመተንፈስና ያለመተንፈስ ጉዳይ ነበር። ሥራውን እንዳይተው ገቢ የለውም፣ እንዳይቀጥል ሳንባው አይችልም።

አቧራን በአየር ኃይል መምጠጥ በዚያን ጊዜ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 በለንደን የመምጠጫ ማሽን ሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ የቡዝ ማሽን በፈረስ እየተጎተተ መንገድ ዳር የሚቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ወደ ቤት የሚገባ ነበር። ሀብታሞች ተከራይተው ያስጠሩታል እንጂ ማንም ቤቱ ውስጥ አያስቀምጠውም።

ስፓንግለር ያደረገው በ1907 በእጁ ያገኛቸውን ተራ ዕቃዎች ማገጣጠም ነው። የቬንትሌተር ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ ወሰደ። ሞተሩ ማራገቢያውን ሲያሽከረክር በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ከውጭ ያለው አየርም አቧራውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ያው ሞተር በቀበቶ አማካይነት ከፊት ያለውን ብሩሽ ስለሚያዞር ከምንጣፉ ፀጉር ሥር የተጣበቀው ቆሻሻ ይላቀቃል። አየሩ በትራሱ ልብስ ቀዳዳዎች ሲያልፍ አቧራው ከውስጥ ይቀራል። ብሩሽንና መምጠጥን በአንድ ቀላል አካል ላይ ማጣመሩ የፈጠራው ዋና ነጥብ ሲሆን፣ ዛሬም እየተገፉ የሚሠሩ ቋሚ ቫኪዩም ክሊነሮች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

መልኩ የሚያምር አልነበረም። ግን ሠራ፤ ስፓንግለርም ሳይሳል መጥረግ ቻለ። በሴፕቴምበር 1907 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ ጁን 2 ቀን 1908 ቁጥሩ 889,823 የሆነ ፓተንት ተሰጠው። መልሱን ሳይጠብቅም ገንዘብ ያዋጣለት ወዳጅ አግኝቶ አንድ አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ቤተሰቡ እየረዳው በሳምንት ሁለት ሦስት ማሽን ብቻ ይገጣጥም ነበርና፣ ካፒታሉ ወዲያው ተሟጠጠ።

ከሁቨር ጋር

ከገዢዎቹ አንዷ የምታውቀው ሱዛን ሁቨር ነበረች። ባሏ ዊልያም ሁቨር ኒው በርሊን በምትባል አጎራባች ከተማ የቆዳ ፋብሪካ ነበረው፤ የሚያመርተውም የፈረስ ልጓምና የመጎተቻ ዕቃ ነው። ሱዛን ማሽኑን ቤቷ ውስጥ ሞክራው ስለወደደችው ለባሏ ነገረችው። ሁቨር ደግሞ ጊዜው አስጨንቆት ነበር። አውቶሞቢል እየበዛ ሲሄድ የፈረስ ዕቃ ገበያ እንደሚሞት ገብቶታል። አንደኛው ፈጠራ ይዞ ገንዘብ ያጣ፣ ሌላኛው ገንዘብ ይዞ ነገ የሚሠራው የጠፋው ሰው ነበሩ።

ሁቨር በ1908 ፓተንቱን ገዛ። ምርቱ የተጀመረው በቆዳ ፋብሪካው አንድ ጥግ፣ በስድስት ሠራተኞች ነው። ስፓንግለር የምርቱ ተቆጣጣሪ ሆኖ ቀረ፤ ከሽያጩም ድርሻ ይከፈለው ነበር። ስለዚህ ተዘረፈ ማለት አይቻልም። ድርሻው ከእሱ ሞት በኋላም ለቤተሰቡ መከፈሉን ቀጥሏል።

የመጀመሪያው የገበያ ማሽን ሞዴል ኦ ይባል ነበር። ክብደቱ 40 ፓውንድ (18 ኪሎ ግራም ገደማ)፣ ዋጋው 60 ዶላር ነበር፤ ለሠራተኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፣ በዚያ ላይ ብዙ ቤት ገና መብራት አልገባለትም። ሁቨር በዲሴምበር 1908 ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት በተባለው መጽሔት ላይ ለጠየቀ ሁሉ ማሽኑን አሥር ቀን በነጻ ማስሞከር እንደሚቻል አስነገረ። ጥያቄ ሲመጣ ማሽኑን በቀጥታ ለጠያቂው አልላከም። በከተማው ያለ አንድ ሱቅ መርጦ በእሱ በኩል ያስረክባል፤ ደንበኛው ከገዛ ሱቁ ኮሚሽኑን ይወስዳል። በዚህ መንገድ በየከተማው ወኪል አገኘ። ስፓንግለር በሳሙና ሣጥን ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ሁቨርም ያለ ሳሙና ሣጥኑ የሚሸጠው አይኖረውም።

ሞቱና ስሙ

ስፓንግለር በጃንዋሪ 1915 በስድሳ ስድስት ዓመቱ አረፈ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ለሆነው የዕረፍት ጉዞ ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድ በተዘጋጀበት ዋዜማ እንደሞተ ይነገራል። ኩባንያው የሁቨርን ስም ይዞ አደገ፤ ኒው በርሊንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተነሳው ፀረ ጀርመን ስሜት የተነሳ በ1918 ስሟን ወደ ኖርዝ ካንተን ቀየረች። በብሪታንያ ሁቨር የሚለው ስም ከብዛቱ የተነሳ ግስ ሆነ፤ እዚያ ሰው ቤቱን ሁቨር አደረግሁ ይላል። ስፓንግለር ግን ለረጅም ጊዜ ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ የገባው በ2006፣ ከሞተ ከዘጠና ዓመት በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የኖርዝ ካንተኑ ፋብሪካ ተዘጋ።

ማሽኖቹ ዛሬ

በአሜሪካና በብሪታንያ የቆዩ ቫኪዩም ክሊነሮችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ማሽኖቻቸውን የሚያገኙት ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆች፣ በጥቂት ዶላር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት ናቸው፤ ለምሳሌ ከራሱ በሚወጣው አየር ከወለሉ በትንሹ ከፍ ብሎ የሚንሸራተተው ክብ ኮንስቴሌሽን። ከዚያ የቀደሙት፣ በ1926 የወጣው ምንጣፍ የሚደበድብ ዘንግ ያለው ሞዴል 700 ወይም ሄንሪ ድራይፈስ የነደፈው የ1936ቱ ሞዴል 150፣ እየተወደዱ ይሄዳሉ። ሞዴል ኦ ከሙዚየም ውጭ እምብዛም አይታይም። ሰብሳቢው የገዛውን ማሽን ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው የተበጠሰውን ቀበቶ፣ ያረጀውን ብሩሽና የተቀደደውን የጨርቅ ከረጢት ነው፤ እነዚህ ሦስቱ በ1907 የስፓንግለር ማሽን ላይ የነበሩት ክፍሎች ናቸው። የዊልያም ሁቨር የልጅነት ቤት በኖርዝ ካንተን ሙዚየም ሆኖ የቀደሙትን ማሽኖች ይዟል።