ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ ክፋትን በአማርኛ ያናገረው ጸሐፌ ተውኔት

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1936 አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ተወለደ። ጣሊያን አቡነ ጴጥሮስን በጥይት የገደለው በዚያው ክረምት ነበር። ጸጋዬ አድጎ የጳጳሱን መጨረሻ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ቴአትር አደረገው። እዚያ ክፉው ማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፤ ጠመንጃ ይዞ የመጣው ወራሪ ነው።

ወደ አማርኛ በመለሳቸው የሼክስፒር ሥራዎች ላይ ግን ክፋት እንዲህ በቀላሉ አይታወቅም። የ«ኦቴሎ» ታሪክ በአብዛኛው የሚካሄደው ከሃይፋ ባሕር ማዶ ባለችው ቆጵሮስ ነው። ኢያጎ ጠላት መስሎ አይመጣም፤ ሁሉም ታማኝ የሚለው የኦቴሎ ወታደር ነው። አለቃውን የጣለው በሰይፍ ሳይሆን በወሬ ነው። ኦቴሎም ንጹሕ ሚስቱን በገዛ እጁ ገደላት። ነገር ሠሪ የትም አገር ስላለ፣ ኢያጎ አማርኛ ሲናገር ለተመልካቹ እንግዳ አይሆንበትም። በ«ማክቤዝ» ደግሞ ክፋቱ ከጀግናው ከራሱ ልብ ይበቅላል።

ጸጋዬ በደርግ ጊዜ ታስሯል፣ ቴአትሮቹም ታግደውበታል፤ መጻፉን ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ፤ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።